«የማን ዘር ነው?»፦ የአንድ ባለ ባጃጅ ሕመም በጎንደር

ታማሚው የ24 ዓመት ወጣት ነው። ጎንደር ተወልዶ ጎንደር ያደገ፣ ባጃጅ ነድቶ የሚያድር። ሕመሙ ባይፖላር ይባላል። ስሜት አንዳንዴ ከልክ በላይ ሽቅብ የሚወጣበት፣ ሌላ ጊዜ ቁልቁል የሚወርድበት የአእምሮ ሕመም ነው። ሽቅብ ሲወጣ ማኒያ፣ ቁልቁል ሲወርድ ድባቴ እንለዋለን። ልጁን ያወቅሁት በሥነ አእምሮ ተመላላሽ ክፍል በነርስነት ስሠራ ነው። እሱም ቤተሰቡም ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ሰው እንዳይለያቸው አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ።

የምጽፈው ሕመሙ ብርቅ ሆኖብኝ አይደለም። ባይፖላር ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። የገረመኝ በቤቱ ውስጥ የነበረው ክርክር ነው። እናቱ «ልጄን እንዲህ ያደረገው ጭንቀት ነው፤ ዕዳውና የወንድሙ ነገር» ይላሉ። የአባቱ እህት ደግሞ «የእናቱ ዘር ነው፤ ከእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም» ይላሉ። ጎረቤት «ተሠርቶበት ነው» ይላል። ሁለቱ ሴቶች የየራሳቸው እውነት ነበራቸው። ችግሩ፣ አንዷ ልክ ከሆነች ሌላዋ የግድ የምትሳሳት መምሰሉ ነው። ክርክሩ ሲጓተት ልጁ ሳይታከም ሰነበተ።

ከፋሲካ ዋዜማ እስከ ጥምቀት

አባታቸው ከሞቱ ቆይቷል። እናት እንጀራ ጋግረው፣ ጠላ ጠምቀው ሦስት ልጆች አሳድገዋል። ትልቁ ልጅ ካርቱም ሆቴል ውስጥ ይሠራ ነበር። ቤቱን የሚደጉመው እሱ ነው። ሁለተኛው ታማሚያችን ነው። ሦስተኛዋ እህታቸው አስተማሪ ናት። ልጁ የሰው ባጃጅ እየነዳ፣ ማታ ማታ ገቢ እያስገባ ኖረና በመጨረሻ የራሱን ገዛ። ግማሹ ከካርቱም የመጣ ብር ነው። ቀሪው እቁብና ብድር ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። ለእኛ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። በማግሥቱ ዶሮው ቀርቦ እናት ስልኩን ያያሉ። በበዓል ቀን ሳይደውል ቀርቶ የማያውቅ ልጅ አልደወለም። በሳምንቱም አልደወለም። ከሱዳን የሚሸሸው ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል መግባት ሲጀምር ታናሹ ባጃጁን አቁሞ መተማ ወረደ። ድንበር የሚሻገረውን ሁሉ የወንድሙን ፎቶ እያሳየ ጠየቀ። አላገኘውም። ወንድሙ ከብዙ ሳምንት በኋላ በራሱ መጣ። ሻንጣ የለ፣ ብር የለ፣ ሰውነቱ አልቆ። ደስታው ደስታ ነው። ግን የቤቱ ደጓሚ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተደጓሚ ሆነ።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ተኩሱ ጎንደር ከተማ ውስጥ ገባ። መንገድ ሲዘጋ ባጃጅ ይቆማል። የብድሩ ቀን ግን አይቆምም። መንገዱ ሲከፈት ቤንዚን የለም። ወረፋ ለመያዝ ከምሽቱ ጀምሮ ማደያ ደጃፍ ባጃጅ ውስጥ ማደር ነው። አለዚያ በሃይላንድ የሚቸረቸረውን በውድ መግዛት ነው። እሱ ማደሩን መረጠ። እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ያዘ። በፊት አልፎ አልፎ ከጓደኛ ጋር ነው እንጂ አዘውትሮ አይቅምም ነበር።

ኅዳር ላይ ድባቴው መጣ። ከአልጋ መነሳት አቃተው። ምግብ ጠላ። «እኔ ባልኖር ይሄ ሁሉ ነገር ያልቅ ነበር» ማለት ጀመረ። እህቱ ደንግጣ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደችው። ለድባቴ የሚሰጥ ክኒን ብቻ ታዘዘለት። በቤተሰብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ነበረ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ይህ ጥያቄ ለወግ የሚጠየቅ አይደለም። ባይፖላር ያለበት ሰው ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት ሳይጨመርለት የድባቴ ክኒን ብቻውን ሲወስድ ወደ ማኒያ ሊገለበጥ ይችላል። ለልጁ መገልበጥ የክኒኑ ድርሻ ስንት እንደሆነ መለየት አይቻልም። ጥያቄው ቢጠየቅ ግን ሐኪሙ ቢያንስ ይጠነቀቅ ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ልጁ ተነሳ። ቤቱ ሁሉ «ተመስገን» አለ። ይበላል፣ ይስቃል፣ ከጎህ በፊት ወጥቶ ይሠራል። ቀስ እያለ ግን ነገሩ ከመዳን አለፈ። ተሳፋሪ ሂሳብ ሲያወጣ «ዛሬ ሂሳብ የለም» ይላል። ከጎንደር ካርቱም የሚመላለስ የአውቶቡስ ድርጅት ሊያቋቁም ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ለሰው እየደወለ አክሲዮን ይሸጣል። አንድ ጠዋት ስልኩን ፒያሳ ለሚለምን ሰው ሰጥቶ መጣ። ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ሕመሙን የሚለይ ሰው ጠፋ። በዚያ ዓመት እንግዳው እንደ ወትሮው ባይሆንም ጥምቀት ጎንደር ላይ ጥምቀት ነው። በከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ልጁ ከወጣቱ ፊት ፊት ሆኖ እየጨፈረ ወረደ። ሌሊቱን እዚያው አደረ። በጥምቀት የሚጨፍርና የማይተኛ ወጣት ማን ይታዘበዋል? የታወቀበት ከቃና ዘገሊላ ማግሥት ነው። ሌላው ሁሉ ደክሞት ሲተኛ እሱ አልተኛም።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ተደባደበ። ወንድሙና ጎረቤቶቹ ይዘው አሰሩት። «ተሠርቶበት ነው» ያለው ጎረቤት መኪና ፈልጎ ጸበል አደረሳቸው። ጸበሉን የሚቃወም ባለሙያ አይደለሁም፤ በእኛ አገር ሕመም ጸበልን ሳይነካ አያልፍም። እዚያ ያሉት አባት ሁለት ቀን አይተውት «ይህ ልጅ እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት፣ ጸበሉም አይቀርበትም» ብለው የላኩት ራሳቸው ናቸው። እኔ ዘንድ ሲመጣ ድምፁ ዘግቷል። ግራ እጁ አንጓ ላይ የገመድ ሰንበር አለ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ይመልሳል፤ መልሱን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። «ነርስ፣ አንተን የድርጅቱ ጤና ኃላፊ አድርጌሃለሁ» አለኝ። ደመወዜንም ነገረኝ። ደህና ደመወዝ ነበር።

ሁለቱን በሬ ያረዱት አያት

ልጁ መድኃኒት ጀምሮ ትንሽ ሲረጋ እናቱንና አክስቱን አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። የቤተሰቡን የዘር ሐረግ መሳል ነበረብን። አሳሳሉ ቀላል ነው። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፣ የታመመው ውስጡ ይጠቆራል። ወረቀት አጥቼ ያገለገለ የቀጠሮ ካርድ ገለበጥኩ።

አክስት ቀደሙ። «ስማ ልጄ፣ በእኛ ወገን ያበደ የለም። ይህን ጻፍልኝ።»

እናት አቀርቅረው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ። «እኔ አልደብቅም» አሉ። «ወንድሜ ነበር።» ወንድማቸው በወጣትነቱ በየጊዜው ይነሳበት ነበር። ጫማውን ጥሎ ከቤት ይጠፋል። ሲመለስ ወራት ሙሉ አይናገርም። በኋላ ጸበል ቦታ ገብቶ እዚያው ኖሮ እዚያው ሞተ። አንዱን አራት ማዕዘን አጠቆርኩት። አክስት «አላልኩም?» በሚል ዓይን አዩኝ።

እንግዲህ «ያበደ ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «የለም» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። እብድ የሚባለው ልብሱን ጥሎ መንገድ ላይ የወጣ ሰው ነው። ሌላው ሁሉ ሌላ ስም አለው። ስለዚህ አክስትን በሌላ በኩል ጠየቅኳቸው። በወገናችሁ እንቅልፍ ሳይተኛ የሚሰነብት፣ ገንዘብ የሚበትን፣ ከዚያ ደግሞ ወራት ሙሉ ተኝቶ የሚከርም ሰው ነበረ?

አክስት ሳቁ። «እሱማ የአባቴ ወንድም ነበሩ፤ ጀግና!» አሉ። ሰውየው ደምቢያ ባለርስት ነበሩ። አንድ ዓመት ጥንድ የእርሻ በሬያቸውን በአንድ ቀን አርደው አገር አበሉ። በፈረስ ጎንደር ወጥተው ከዳኛ ጋር ሲሟገቱ ሰነበቱ። ሌሊት ሌሊት ሲሸልሉ ያድራሉ፤ ጎረቤት አያስተኙም። አክስት ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ሞቀ። ቤተሰቡ ውስጥ በየሰርጉ የሚወራ ታሪክ እንደሆነ ያስታውቃል።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ክረምቱን ሙሉ ጎጆ ገብተው ተኙ። ሰው አያናግሩ፣ እህል አይቀምሱ። በሬውስ የት አለና በምን ይረሱ?»

እናት ቀና አሉ። አክስትም የተናገሩትን ያኔ የሰሙት ይመስለኛል። «እንግዲህ…» ብለው ዝም አሉ። የሞተ ሰው በወሬ አይመረመርምና አራት ማዕዘኑን አላጠቆርኩትም፤ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ነገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ አክስት «የእናቱ ዘር» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ዘሩ ከሁለቱም በኩል ሊመጣ እንደሚችል ማንም ሳይሰብካቸው ገባቸው።

ቁጥሩን የነገርኳቸው ከዚህ በኋላ ነው። በባይፖላር ለመያዝ የማንኛውም ሰው ዕድል ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ባይፖላር ላለበት ሰው ከመቶ 5 እስከ 10 ይደርሳል። ከአንድ እንቁላል በተገኙ መንትዮች ደግሞ አንዱ ከታመመ ሌላው የመታመም ዕድሉ ከመቶ 40 እስከ 70 ነው። የመንትዮቹን ቁጥር ደጋግሜ ነገርኳቸው። ዘር ምንም ድርሻ ባይኖረው የመንትያው ዕድል እንደ ማንም ሰው ወደ አንድ በተጠጋ ነበር። ዘር ሁሉን ቢወስን ደግሞ መቶ በሆነ ነበር። ሁለቱም አይደለም።

«ታዲያ በደም ምርመራ አይታይም?» አለች እህቱ። አይታይም። ጎንደርም፣ አዲስ አበባም፣ ውጭ አገርም ባይፖላርን በጂን (ከወላጅ በሚወረስ የዘር መረጃ) ምርመራ አረጋግጦ የሚነግር ላብራቶሪ የለም። ምክንያቱም አንድ የእብደት ጂን የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ትልቅ ጥናት ከ40,000 በላይ ባይፖላር ያለባቸውን ሰዎች ዘረመል (የጂኖቻቸውን ስብስብ) ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 64 የዘረመል ቦታዎች አግኝቷል። እያንዳንዱ ቦታ ዕድሉን የሚጨምረው በጣም በጥቂቱ ነው። ሁላችንም ከእነዚህ ጥቂቶቹን ይዘን እንዞራለን። ልዩነቱ ስንቱ አንድ ሰው ላይ ተጠራቀመ የሚለው ነው። ደግሞ የጥናቱ ተሳታፊዎች የአውሮፓ ዘር ያላቸው ሰዎች ናቸው። የሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት በብዛት ያለው አፍሪካ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ሰው በእንዲህ ዓይነት ጥናት ሲካተት ገና ጅምር ላይ ነው። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳና ደቡብ አፍሪካ የተሳተፉበት ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት የተነሳውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

አንድ ጂንና አንድ መከራ ተገናኝተው ሕመም ወለዱ የሚለው ታሪክ ለጆሮ ይጥማል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኒውዚላንድ ዱኒዲን ከተማ 847 ወጣቶችን ተከታትሎ የወጣ ጥናት ይህንን ስለ ድባቴ ብሎ ዓለምን አስደንቆ ነበር። ሴሮቶኒን ከተባለው የአንጎል ኬሚካል ጋር የተያያዘ የአንድ ጂን አጭሩን ዓይነት የያዘ ሰው መከራ ሲደራረብበት ቶሎ በድባቴ ይወድቃል አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከ14,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ግን ውጤቱ አልጸናም። መከራው ራሱ ሰውን ለድባቴ እንደሚዳርግ ጸና፤ የዚያ አንድ ጂን ነገር ግን ወደቀ። ይህን የማነሳው በማኅበራዊ ሚዲያ ዛሬም «የጭንቀት ጂን ተገኘ» የሚል ወሬ ስለማይጠፋ ነው።

ወንድሙ ለምን አልታመመም?

ይህን የጠየቀኝ ትልቁ ወንድም ራሱ ነው። «ከካርቱም በእግሬ የወጣሁት እኔ፣ ጥይት የተተኮሰብኝ እኔ። እሱ ጎንደር ተቀምጦ ምን አገኘው?» ጥያቄው ውስጥ ትንሽ ንዴት ነበረበት፤ እውነቱን ነው።

ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች ዘረመላቸውን በአማካይ ግማሽ ነው የሚጋሩት። ሌላው ግማሽ እጣ ነው። አንዱ ከእናቱም ከአባቱም ወገን ያለውን ተጋላጭነት ሊሰበስብ ይችላል፤ ሌላው ሊያመልጥ ይችላል። ትልቁም ቢሆን ምንም አልነካውም ማለት አይደለም። በር ሲንኳኳ ይበረግጋል፣ በሕልሙ ይጮህ ነበር። ግን በወራት ውስጥ እየቀለለው መጣ፣ ሥራ ያዘ። የእሱ ጉዳት የተለመደ የጦርነት ጉዳት ነበር፤ ወደ ማኒያ የሚወስድ በር አልነበረውም።

ዙቢንና ስፕሪንግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ስኪዞፍሬንያ ሲጽፉ ይህን አስተሳሰብ መልክ ሰጥተውታል። እያንዳንዱ ሰው ይዞት የሚወለደው ወይም በኋላ የሚያዳብረው የተጋላጭነት መጠን አለው። የኑሮ ጫና ከዚያ መጠን ሲያልፍ ሕመሙ ይነሳል። ተጋላጭነቱ ዝቅ ያለ ሰው ብዙ ጫና ይችላል። ከፍ ያለ ሰው ትንሽ ይበቃዋል። ታማሚያችን ይህን ስነግረው በራሱ ሙያ ተረጎመው። «ሁለት ባጃጅ በአንድ ኮረኮንች ይሄዳል፤ የአንዱ ሞላ ቀድሞ ይሰበራል። መንገዱ ነው ወይስ ሞላው ብለህ ብትጨቃጨቅ ጋራዡ ይዘጋብሃል» አለ። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ቤተሰቦችም የእሱን ንግግር ነው የምጠቀመው።

እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የማተኩረው እንቅልፍ ላይ ነው። ይህ የእኔ ፍርድ ነው። የልጁን ዓመት መለስ ብላችሁ እዩት። የካርቱም ስልክ ሲጠበቅ እንቅልፍ የለም። መተማ ሲወርድ የለም። የቤንዚን ወረፋ ሌሊት ነው። ጫቱ የተያዘው እንቅልፍን ለማባረር ነው። ጥምቀት ሲመጣ ሦስት ሌሊት ተጨመረ። ጭንቀቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ሁሉም ግን የገቡት በአንድ በር ነው። ቶማስ ዌር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ይህንኑ ጽፎ ነበር። ሐዘን፣ ጉዞ፣ ደስታ፣ የሌሊት ሥራ፣ መድኃኒት፣ ሁሉም በመጨረሻ እንቅልፍን ቀንሰው ነው ማኒያን የሚቀሰቅሱት አለ። ማኒያው ደግሞ በተራው እንቅልፍን ያባርራል። ከዚያ ወዲያ በራሱ ይዞራል።

ጭንቀት ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ባጭሩ ልናገር። አደጋ ሲመጣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል ያመነጫሉ። አደጋው ሲያልፍ አንጎል «በቃ» ብሎ ይዘጋዋል። ጭንቀቱ ለወራት ካላለፈ መዝጊያው ይላላል። ባይፖላር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ ይህ መዝጊያና የእንቅልፍና የንቃት ሰዓት የሚቆጣጠረው የውስጥ ሰዓት እንደሌላው ሰው የጸኑ አይደሉም። ዘሩና ጭንቀቱ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒቱ፣ ወረፋውና ጾሙ

ለማኒያው ኦላንዛፒን ተሰጠው፤ ኋላ ስሜት የሚያረጋጋው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ተጨመረ። የድባቴው ክኒን ተቋረጠ። በሳምንታት ውስጥ አውቶቡሶቹ ጠፉ፤ ኀፍረት ተተካ። ይህ ጊዜ አደገኛ ነው። ልጁ የሰጠውን ስልክ፣ ያበላውን ብር፣ በሌሊት የደወለላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ያስታውሳል። ታማሚ ራሱን የሚጎዳው ሲያብድ ብቻ ሳይሆን ሲድንም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንድሙ ማታ ማታ ብቻውን እንዳይተወው ተነጋገርን።

ዘሩን መለወጥ አንችልም። ወረፋውን ግን ቻልን። ሌሊት ማደያ የሚያድረው ወንድሙ ሆነ። ልጁ ቀን ይነዳል፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ባጃጁ ይቆማል። የእቁቡ ዳኛ ደግሞ የሚገርም ነገር አደረጉ። አባላቱን አስፈቅደው የልጁን ዕጣ አስቀደሙለት፤ የከፋው ብድር በዚያ ተዘጋ። እኔ ይህን የሕክምናው አካል አድርጌ ነው መዝገቡ ላይ የጻፍኩት። ጫቱን መተው ከሁሉም ይልቅ አስቸገረ፤ ጓደኞቹ ሁሉ እዚያ ናቸው።

ቤት ውስጥ የነበረው ንዝነዛም ነበር። እናት ከፍርሃታቸው የተነሳ «ዋጥክ? ተኛህ? የት ነበርክ?» ሲሉ ይውላሉ። ፊንላንድ ውስጥ ቲዬናሪ የተባሉ ሐኪም ከስኪዞፍሬንያ ታማሚ እናት ተወልደው በሌላ ቤት በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆችን ለዓመታት ተከታትለዋል። የዘር ተጋላጭነት ያላቸው ልጆች ጭቅጭቅና ቀውስ ባለበት ቤት ሲያድጉ ይበልጥ ታመሙ። ሰላም ባለበት ቤት ያደጉት ያን ያህል አልታመሙም። ሕመሙ ሌላ ቢሆንም ነገሩን ለእናት አወራኋቸው። «እንግዲያስ ዝም ልበል?» አሉ። ዝም አይበሉ፤ ጥያቄውን ለልጅዎ ለሴቷ ይስጧት አልኳቸው። እሷ ማታ አንዴ ብቻ ትጠይቃለች። የምትከታተለውም ሁለት ምልክት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስልክ መደወልና «ሂሳብ የለም» ማለት።

ሁዳዴ ላይ አንድ ነገር አመለጠን። ልጁ የጠዋቱን ክኒን ከቅዳሴ በፊት ላለመዋጥ ሲል ይዘለው ኖሯል፤ ለማንም አልተናገረም። ካወቅን በኋላ ሐኪሙ ሁሉንም ወደ ማታ አዞረለት። የማታው ለጾሙም ለእንቅልፉም ተስማማ። ሰኔ ላይ ግን «ድኛለሁ፣ ደግሞም አወፈረኝ» ብሎ ራሱ አቆመ። ኦላንዛፒን በእርግጥ ያወፍራል፤ ቅሬታው ልክ ነው፤ ቀድሞ ቢነግረን ሌላ መድኃኒት ይታይለት ነበር። መስከረም ላይ አንዲት የሰፈር ሴት ለእህቱ «ወንድምሽ ዛሬ በነፃ አደረሰኝ፣ ይባረክ» አለቻት። እህቱ በዚያው ቀን ይዛው መጣች። ሁለተኛው ማኒያ በዚህ ምክንያት ገና በጅምሩ ተያዘ።

በዚህ ጊዜ የመጣ ትልቅ ጭንቀት አልነበረም። ዕዳው ቀሏል፣ ወንድሙ ቤት ነው፣ የበዓል ሰሞን ብቻ ነበር። ሮበርት ፖስት የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት ሐሳብ አለ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከባድ ጭንቀት ይፈልጋሉ፤ እየተደጋገመ ሲሄድ ግን ሕመሙ በትንሽ ነገር፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ይነሳል ይላል። ሁሉም ጥናት አልደገፈውም። ለእኔ ግን ልጁን «ጭንቀቱ አልፏልና መድኃኒቱ ይብቃኝ» እንዳይል ለማስረዳት ረድቶኛል።

ሽማግሌዎቹ

እህቱን የጠየቁት ሽማግሌዎች የመጡት ከፋሲካ በኋላ፣ ልጁ እየተረጋጋ ሳለ ነው። ጎንደር ውስጥ ልጅ ለመዳር ዘር መጠየቅ ያለ ነገር ነው፤ ሰባት ቤት ድረስ ይቆጠራል። የልጁ ነገር ደግሞ የሰፈር ወሬ ሆኖ ከርሟል። የሙሽራው አባት «ጤነኛ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀት ከሐኪም ታምጣ» አሉ። እናት ይህን ሊነግሩኝ ሲመጡ አላለቀሱም። «ልጄን ላስቀራት እንዴ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

እንዲህ ያለ ወረቀት የለም፤ ቢኖርም አልሰጥም ነበር። የታማሚ ምሥጢር ለሽማግሌ አይነገርም። እህቱ ግን ራሷ ወሰነች። እጮኛዋን ይዛ መጣች፤ ወንድሟም ፈቀደ። ቁጥሩን ፊት ለፊት አስቀመጥኩላቸው። ለእሷ ከመቶ 5 እስከ 10 ነው፤ ይህ ማለት ከእሷ መሰል መቶ እህቶች 90 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ባይፖላር አይዛቸውም። ድባቴን ጨምረን ካየን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ ይህንም አልደበቅኩም። እሷ ካልታመመች ልጆቿ የታማሚው የእህት ልጆች ብቻ ናቸው፤ የእነሱ ዕድል ከእሷም ያንሳል። እጮኛው ብዙ አልተናገረም። ሲወጣ «ከስኳር ይሻላል ማለት ነው?» አለ። ሁለቱን ማወዳደር ባይቻልም የእሱ አባት ስኳር አለባቸው።

አባትየው ወዲያው እሺ አላሉም። ሰርጉ ተገፋ። መስከረም ላይ ልጁ ሲያገረሽበት ደግሞ ያበቃለት መስሎን ነበር። እንደ ሰማሁት ነገሩን የለወጡት አክስት ናቸው። ሽማግሌዎቹ ፊት «በእኛም ወገን ነበረ፤ የእናቱን ብቻ አትውቀሱ። ሁለት በሬ በአንድ ቀን ያረደ ሰው የእኛ ነው» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ያን ታሪክ በልጅነታቸው ሰምተውት ኖሯል፤ «እሱ ሰውዬ የእናንተ ነው?» ብለው ሳቁ። ሰርጉ ጥር ላይ ሆነ።

አሁን እህትየው ነፍሰ ጡር ናት። ከወለዱ ሴቶች ከሺህ አንዷ ወይም ሁለቷ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ የአእምሮ መታወክ ይገጥማቸዋል። በቤተሰቧ ባይፖላር ያለባት ሴት ዕድሏ ከዚህ ከፍ ይላል። አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጀምራል፤ እንቅልፍ በሚጠፋበት ጊዜ። ስለዚህ አራስ ቤቱን ከአሁኑ ተነጋገርንበት። እናቷ ሌሊት ሕፃኑን ይይዛሉ፤ ለማጥባት ካልሆነ አትቀሰቀስም። ከማጥባት መልስም ባሏ ያስገሳዋል። የምሽት ጠያቂ ይቀነሳል። አማቷ «እናት ሆና ልጇን ሌሊት የማትይዝ?» ብለው ነበር። «ሐኪም ነው ያዘዘ» ተባሉ፤ ተቀበሉ። ከወለደች በኋላ ለሁለተኛው ሳምንት ቀጠሮ ይዘንላታል። መምጣት ካቃታት እኔ ቤቷ እሄዳለሁ።